እስከ አዝማቹ

ስፖንጁ አልገባ አለ። ልጅቷ ስፒከሩን በትከሻዋ ወደ ላይ ደግፋ፣ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጠችውን ቁራጭ ከስሩ ለመሸጎጥ ትታገላለች፤ ስፒከሩ ደግሞ አንድ ኩንታል የሚመዝን ይመስል ፍንክች አይልም። እናቷ የታጠበ አንሶላ ለደንበኛ አድርሳ ለመመለስ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅባትም። በመጨረሻ በጉልበቷ ገፋ ስታደርገው ገባላት። ራቅ ብላ አየችው። ጥቁሩ ስፒከር እንደ ወትሮው በረጅሙ የእንጨት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተጎልቷል። ሁለት ጣት የማትሞላ ስፖንጅ ከስሩ ብትኖር ማን ጎንበስ ብሎ ያያል።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ላውንደሪ፣ የኋለኛው መኖሪያ። በመሃል ያለው ግድግዳ ስሙ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ስስ ጣውላ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ይህን ጣውላ ተደግፎ ቆሟል። በአንዱ ጫፍ የእንፋሎት መተኮሻው ማሽን በብሎን ታስሮበታል፣ በሌላው ጫፍ ቴፑና ስፒከሩ ተቀምጠውበታል። ከጣውላው ወዲያ ደግሞ የልጅቷ አልጋ፣ የልጅቷ ደብተር፣ የልጅቷ ጭንቅላት አለ። አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ከሄደ ስምንት ዓመት ስለሆነው፣ በዚህ ቤት ስለ ድምፅ የሚጨቃጨቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

የእናቷ ሙዚቃ ሶል እና ዳንስ የሚሉት ዓይነት ነው። እሷ ወጣት ሳለች ይጨፈርበት የነበረ፣ በባዕድ ቋንቋ የሚዘፈን፣ ከበሮው አንድ ነገር ከያዘ የማይለቅ፣ ዘፋኙ ደግሞ ጥርሱን የታመመ ይመስል የሚያቃስትበት። ካሴቶቹ ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ያረጁ። እናቷ የዘፈኖቹን ቋንቋ አትችልም። ይህ ግን አንድም ቀን አፏን አስይዟት አያውቅም፤ ያልያዘችውን ቃል ከራሷ እየፈጠረች ከዘፋኙ እኩል ትዘፍናለች። ልጅቷ የምትወደው ሌላ ነው። አንድ ጊታር፣ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻዋን የምትሰማው።

«እማ፣ ቀንሺው በናትሽ። ፈተና ደርሷል።»

«እሺ ፀጥታ አስከባሪዬ» ትላታለች እናቷ። ትቀንሳለች፤ አንድ ሸሚዝ ተተኩሶ ሳያልቅ ቁልፉ ተመልሶ ይዞራል።

ስፖንጁን ያመጣው ግን ፈተናው ብቻ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት የወንበር ጓደኛዋ አብረው ሒሳብ ሊሠሩ መጥታ ነበር። በፊተኛው ክፍል ሲያልፉ እናትየው በአንድ እጇ የማሽኑን ክዳን ተጭና ወገቧን እያወዛወዘች ነው። ጓደኛዋ ሳቋን አፍና ገባች። እነሱ ደብተር ሲገልጡ ጣውላው ይርገበገባል፣ እስክሪብቶው ራሱን ችሎ ይንከባለላል።

«እናትሽ ግን ሙዳቸው ነፍ ነው» አለች ጓደኛዋ። «ቤታችሁ ዲስኮ ቤት ነው እንዴ? እኛ ቤት የውሃ መሳቢያው ሞተር እንዲህ ሲያንቀጠቅጠን አባቴ ከስሩ ስፖንጅ አደረገበትና ጸጥ አለ። ሞክሪያ።»

በማግስቱ ይህችው ጓደኛ በእረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ የእናትየውን ጭፈራ አስመስላ አሳየች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ሳቅ ስለምትወድ ነው። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድማ። ያ ሳቅ ግን ቤት ድረስ ተከትሏት መጥቶ አላስቀምጥ አላት። ንዴቷን በራሷ ላይ መወጣት ሲገባት በስፒከሩ ላይ ተወጣችው።

ስፖንጁ ሠራ። ጣውላው መርገብገቡን ተወ፣ እስክሪብቶው ባስቀመጠችበት ይገኝ ጀመር። ሙዚቃው አሁንም ይሰማል፤ ግን ጎረቤት ቤት የተከፈተ ያህል ሆነ። እናቷ በመጀመሪያው ቀን ቴፑን ሁለት ጊዜ ቸብ ቸብ አደረገችው።

«ይሄም እንደኔ ደከመው መሰለኝ» አለች።

ድምፁን ከፍ አደረገች። በማግስቱ ይበልጥ ከፍ አደረገች። ልጅቷ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጥናቷን ቀጠለች።

በዚያው ሳምንት አንድ ጥቁር ሱሪ ከማሽኑ ሲወጣ ጉልበቱ ላይ እንደ መስታወት አብረቀረቀ። እናትየው በእርጥብ ጨርቅ አሽታ እንደምንም አዳነችው። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ይኼኛው አልዳነም። በሦስተኛው ሳምንት ተራው የሙሽራ ኮት ሆነ።

ኮቱን የሰፋው ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ የማያውቅ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ረጅም ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፋውን ሱፍ ሁሉ ለመጨረሻው ተኩስ የሚሰጠው ለእናትየው ነው። «ኮት የሚወለደው እኔ ጋ አይደለም፣ እሷ ጋ ነው» ይላል ለደንበኞቹ። እናትና ልጅ የሚኖሩትም በሸሚዝና በአንሶላ አይደለም፣ በእሱ ሥራ ነው።

ያን ቀን ግራጫውን ኮት በሁለት እጁ ዘርግቶ በሩ ላይ ቆመ። ደረቱ ላይ የማሽኑ ክዳን ጠርዝ በቢጫ መስመር ታትሞበታል።

«እህቴ፣ ምን ነካሽ?» አላት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር።

«እኔስ ባወቅኩት» አለች እናትየው። «ልክ በሰዓቱ ያነሳሁት ነበር የመሰለኝ።»

«ሰርጉ እሑድ ነው። ደረቱን እንደገና ቆርጬ እሰፋዋለሁ፣ እሱስ ግድ የለም። ግን…» የሜትሩን ጫፍ በጣቱ ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው። «ለጊዜው ከሱፍ ሥራ ላሳርፍሽ። ትንሽ እረፊ።»

«አባረርኩሽ በለኛ።»

«ኧረ እህቴ፣ እንዲህ አትበይኝ።»

ሲሄድ እናትየው ማሽኑን አጠፋች። ቴፑንም አጠፋች። ልጅቷ ከጣውላው ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ስትመኘው የኖረችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ ሲመጣ ግን ሰው የሞተበት ቤት ጸጥታ ሆነባት። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻለችም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ሸሚዝና አንሶላ ቀርቷል፤ ደንበኛ ይጠብቃል» አለቻት። «እኔ እጄን አላመንኩትም። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ትተኩሻለሽ፣ እኔ አሳይሻለሁ።»

«እኔ? ፈተናዬስ?»

«በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለእናትሽ አንድ ሰዓት አይኖርሽም?»

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ማሽኑን ዞር ብላ አየችው። «ሰዓት መቁጠሪያ የለውም እንዴ?»

«ነበረው። ስገዛውም የተበላሸ ነበር።»

«ታዲያ መቼ እንደሚነሳ በምን ታውቂ ነበር?»

እናቷ ያፈረች መሰለች። በጣቷ ወደ ቴፑ አመለከተች። «በሱ ነዋ» አለች።

ከዚያ ነገረቻት። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግራው አታውቅም። የጥጥ ሸሚዝ ጀርባ ስምንት ምት ነው። እጅጌ አራት። የታጠፈ አንሶላ አሥራ ስድስት። ሱፍ ግን በምት አይቆጠርም፤ ሱፍ እስከ አዝማቹ ነው። ዘፋኙ ሲጀምር ክዳኑ ይወርዳል፣ ሴቶቹ ተቀባዮች አዝማቹን ይዘው ሲገቡ ይነሳል። ለዚህ ደግሞ ያገኙት ዘፈን ሁሉ አይሆንም። እናትየው የዘፈኖቹን ስም ስለማታውቅ የምትጠራቸው በልብስ ነው፤ «የሱሪው» አለ፣ «የአንሶላው» አለ፣ «የኮቱ» አለ። በካሴቶቹ ጀርባ በእርሳስ የጻፈችውም ይህንኑ ነው። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የደንበኛ ልብስ የተመዘገበበት ይመስላት ነበር።

«ዝም ብለሽ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ ለምን አትቆጥሪም?»

«ሰው ሲቆጥር ይቸኩላል። ከከፋው ደግሞ ይንቀራፈፋል። ዘፈን ግን ቢከፋሽም ባይከፋሽም በራሱ እርምጃ ነው የሚሄደው።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷ ከበሮውን እየቆጠረች ሌላውን ሁሉ ትረግም ነበር። ግን ሰው አንድን ነገር ለሥራው ብሎ ሲሰማው ሳያስበው መስማት ይለምዳል። ከከበሮው ስር ቤዝ ጊታሩ እንዳለ አስተዋለች፤ ከበሮውን በግማሽ እርምጃ እየቀደመ ይጎትተዋል። ቤዙን ስትለይ መለከቶቹ እርስ በርስ እንደሚመላለሱ ገባት። አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ይደጋግማል ብላ የናቀችው ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንድ ቀን የትራስ ልብስ እየተኮሰች ሳለ ግራ እግሯ ወለሉን ሲመታ አገኘችው። ዙሪያዋን አየች። ማንም የለም። ቀጠለች።

በስድስተኛው ቀን እናቷ ከሣጥን አሮጌ ኮት አውጥታ «ተለማመጂበት» አለቻት። የመጣ ኮት ስለሌለ ነው፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አልተናገሩትም። ልጅቷ «የኮቱ» የተጻፈበትን ካሴት ከተተች። ቋንቋውን ትምህርት ቤት ተምራዋለች። እስከዚያ ድረስ ግን ስለ ቃላቱ አስባ አታውቅም፤ ጩኸት ቃል አለው ብሎ ማን ያስባል። ክዳኑን አውርዳ ተቀባዮቹን ስትጠብቅ ቃላቱ አንድ በአንድ መጡላት። ሰውየው ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። ወንበሮቹን ጥግ አስይዣለሁ ይላል፤ ዛሬም እጨፍራለሁ ይላል፤ ካቆምኩ አለመኖርሽን አውቃለሁ ይላል። ከበሮው ይስቃል፣ መለከቱ ይስቃል፣ ሰውየው ግን እያለቀሰ ነው።

ሴቶቹ ገቡ። ልጅቷ ክዳኑን ማንሳት ረሳች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ ካልሲ እያጣመረች ነበር፤ እሷም ቀና አላለችም። ሁለቱን ያነቃቸው የተቃጠለ ሱፍ ሽታ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ተኛሽ?»

«እማ፣ ይሄ ዘፈን ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?» አለች ልጅቷ፣ ኮቱን እያራገበች።

«እንዴታ። ሰውየው ደስ ብሎታል። ሰርግ ላይ ነው።»

«አይደለም። ሴትየዋ ትታው ሄዳለች። ብቻውን ነው የሚጨፍረው። ካቆመ እንደሌለች ያውቃል፤ ለዚህ ነው የማያቆመው።»

እናቷ የያዘችውን ካልሲ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ትክክል ነው» አለች። «አባትሽ የሄደ ሰሞን ከዚህ ሌላ ዘፈን አልከፍትም ነበር። ቃሉን ባላውቀውም ነግሮኛል ማለት ነው።»

ልጅቷ እናቷ ለዓመታት በማሽኑ ፊት ወገቧን ስታወዛውዝ የነበረውን አሰበች። ክፍል ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችውን ሳቅ አሰበች። የተቃጠለውን ኮት ለማንጠልጠል ፊቷን አዞረችና እንባዋን በእጅጌው ጠረገች።

ከዚያ በኋላ የሚተኮስ ባይኖርም ካሴት መክተት ጀመረች። ጥናቷንም ከጣውላው ወዲህ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ማድረግ አመጣች። እናቷ አጠገብ ብዙ ስለተቀመጠች ድሮ የማታያቸውን ነገሮች አየች። ደንበኛ ሲያንኳኳ እናቷ ቀና የምትለው ልጅቷ ስትነሳ አይታ ነው። የሻይ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ክዳኑ ሲንቀጫቀጭ ዝም ትላለች። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን አታይም፣ አፉን ነው የምታየው። ልጅቷ እናቷ ስለከፋት ነው ብላ አለፈችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስትገባ ቴፑ ቤቱን አናግቶት ነበር። እናቷ በጠፋው ማሽን ፊት ቆማ፣ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማ።» መልስ የለም። «እማዬ።» ትከሻዋን ስትነካት ነው የደነገጠችው።

«መጣሽ እንዴ?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድሮ በዚህ ይመጣልኝ ነበር» አለች መዳፏን እያሳየቻት። «ከጠረጴዛው ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ ክንዴ። በጆሮዬ ይሁን በእጄ የምሰማው ለይቼው አላውቅም። አሁን የለም። ሰውነቴ ነው መሰለኝ የሞተው።» እጇን ወደ ቀሚሷ ኪስ ከተተች። «ቅዳሜ ማሽኑን የሚያይ ሰው ይመጣል። ልብስ ሰፊው ነው ያገኘልኝ። እኔ ሌላ ላውንደሪ ተቀጥሬ አጥባለሁ፤ እጥበት ይሄን ሁሉ አይፈልግም።»

«ቴፑስ?»

«ማሽኑ ከሄደ ቴፑ ምን ይሠራልኛል?»

ልጅቷ ወደ ስፒከሩ አየች። ከስሩ የፈዘዘ ቢጫ መስመር፣ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ወጣ ብሎ ይታያል። ወር ሊሆነው ነው ከእጇ ከወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከዚያ ቶሎ መላ አገኘች።

«ዝም ብለሽ አውጪው። እሳቸው ሳያዩሽ። ማን ያውቃል? ማሽኑም አይሸጥ፣ አንቺም አትሰደቢ። ያልቃል።»

ያልቃል የሚለው ቃል ደስ ይላል። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ቃል ስታላምጥ ዋለች። ስፖንጁን ማውጣት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን እናቷ እጇን እንዴት ወደ ኪሷ እንደከተተች ከዓይኗ አልጠፋ አላት፤ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ነበር የከተተችው። ስፖንጁ ቢወጣ ያ አብሮ አይወጣም። እናቷ እጄ ነገ እንደገና ይከዳኛል እያለች በፍርሃት ስትተኩስ ልትኖር ነው፤ ልጅቷም እያየች ዝም ልትል ነው። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ በሩጫ ጨረሰችው፣ ብትራመድ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርታ።

እናቷ ገዢው ስለሚመጣ ማሽኑን እየወለወለች ነበር። ልጅቷ ዞራ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እማ፣ ከስፒከሩ ስር ስፖንጅ አለ። እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«ምን አልሽ?»

ጎትታ አወጣችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በስፒከሩ ክብደት ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል። እናቷ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወር ሊሆነው ነው። ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ ማጥናት አቅቶኝ…» ልጅቷ እዚህ ልታቆም ትችል ነበር። «ማጥናትም ብቻ አይደለም። አፍሬብሽ ነው። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።»

እናቷ ስፖንጁን አነሳች። በእጇ ጨበጠችው፣ ለቀቀችው፣ መልሳ ጨበጠችው።

«ወር ሙሉ አረጀሁ ስል» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «እጄን ስረግመው። ልብስ ሰፊው ፊት ቆሜ የምለው ሳጣ።»

«ይቅርታ እማ።»

እናቷ አላቀፈቻትም። ጀርባዋን ሰጥታ መወልወያውን አጠፈች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ስፖንጁን ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ጣለችው። ልጅቷ እዚያው ቆማ አለቀሰች።

«ማሽኑን አብሪው» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ቴፑንም።»

ልጅቷ አበራች። ካሴት የመምረጥ ልብ አልነበራትም፤ ውስጡ ያለውን ከፈተችው። ስፒከሩ ያለ ስፖንጅ በእንጨቱ ላይ ተቀምጦ ሲጀምር ጠረጴዛው ነፍስ ዘራ። እናቷ መዳፏን ለጠፈች። ጠበቀች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተፈታ።

«መጣ» አለች። «ይኸው መጣ።»

የልምምዱን ኮት አንስታ በደህናው ጎኑ ዘረጋችው፤ እጥፋቱን በጣቷ አቃናች። ክዳኑን አወረደች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። ከውስጡ ሆና መዝፈን ጀመረች። ወር ሙሉ ያልዘፈነች ሴት ያላትን ሁሉ አውጥታ ዘፈነች፤ ወገቧም ተከተላት። ልጅቷ በእንባዋ መሃል ሳቀች። ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

እናቷ የምትዘፍነው «የኮቱ»ን ነው። ቴፑ የከፈተው «የሱሪው»ን ነው።

ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ ምቱን ብቻ ለሚሰማ ሰው ልዩነት የላቸውም። ግን ዘፋኙ ሌላ ነው፣ ቃሉ ሌላ ነው። «የሱሪው» ላይ ሴቶች የሉም፤ መለከት ብቻ ነው ያለው። መለከቱ ከስፒከሩ ውስጥ ጣራውን እየነደለ ይጮሃል፤ እናቷ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ባዶ ቤት ውስጥ ስለሚጨፍረው ሰውዬ ትዘፍናለች።

«ስሚ፣ ስሚ፣ አሁን ሴቶቹ ይገባሉ» አለች እናቷ፤ ምቱን ጠብቃ ክዳኑን አነሳች። ኮቱ ያለ አንዲት እንከን ወጣ። ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አሳየቻት። «አየሽ? ጆሮዬም እጄም ደህና ነው። የቀበርሽኝ አንቺ ነሽ በስፖንጅሽ። ለልብስ ሰፊው ሂጂና ነገ ገዢ አይምጣ በይልኝ።»

ልጅቷ ኮቱን አየች፣ ከዚያ ቴፑን። በሩን ያንኳኳው ደንበኛ፣ የሚንቀጫቀጨው ማንቆርቆሪያ፣ የሰው አፍ አፉን የምታየው እናቷ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡባት። የቴፑ ቁልፍ ለዓመታት ወደ ላይ ሲዞር የኖረው እናቷ ጩኸት ስለምትወድ አልነበረም። ስፖንጁ የወሰደው ምቱን ብቻ ነው፤ እሱ ተመልሷል። ድምፁ ግን ስፖንጁ ሳይገባም በፊት እየሄደ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሄዷል። እነዚህን ዘፈኖች ልጅቷ ገና ማወቅ ስትጀምር ነው እናቷ ያጣቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጆሮ ሐኪም ይዛት ልትሄድ ወሰነች። ምን ብላ እንደምትነግራት ገና አላወቀችም፤ ከሰኞ በፊት እንደምትነግራት ግን አውቃለች። ሌላ ነገር ከእናቷ ልትደብቅ አትችልም።

«አንዴ እማ» አለች ልጅቷ የእናቷን ፊት እያየች፣ ከንፈሯን ጎላ አድርጋ እያንቀሳቀሰች። «ካሴቱን ላስተካክለው።»

ቴፑን አቆመች። «የኮቱ» የሚለውን አውጥታ ከተተች፣ ወደ መጀመሪያው አዞረችው። እናቷ የኮቱን ሌላ ጎን ዘርግታ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ዘፈኑ ጀመረ። ክዳኑ ወረደ። ልጅቷ ማሽኑን ዞራ ከእናቷ ትይዩ፣ አፏ በደንብ በሚታይበት ቦታ ቆመች። ተቀባዮቹ ሲገቡ አብራቸው ገባች፣ ቃሉን አንድም ሳትስት። እናቷ የልጇን አፍ አይታ ክዳኑን አነሳች።